የኤክስፖርት ዐይን

እንኳን ደስ ያለን! ዐይናችንም እንደ ቡናችን ደረጃ ወጣለት። የቴፒና የበበቃ ቡና በባለሙያ ተቀምሶ፣ ጉድለቱ ተቆጥሮ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደህናው ባሕር ይሻገራል፣ የተረፈው ለአገር ውስጥ ፍጆታ ይቀራል። ዐይንም እንደዚያው ሆኗል። አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሜሪላንድ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያየው ማስታወቂያ አስነጋሪው ደህና አድርጎ ይከፍላል። ያንኑ ቪዲዮ እዚህ ሚዛን አማን ላይ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲያየው ግን የሚገኘው ሳንቲም ቆጣሪም አያደክም። የሜሪላንዱ ዐይን ኤክስፖርት ስታንዳርድ ነው፤ የኛው ገለባ ያለበት።

ታዲያ «ስለ አማን የሚሠራ ዜና ለአማን ሰው መሠራት አለበት» የሚል ሰው ካለ ንግድ አያውቅም ማለት ነው። የትኛው ነጋዴ ነው አንደኛ ደረጃ ቡናውን እዚሁ አፍልቶ የሚጨርሰው? የሚዛን፣ የቴፒና የሸኮ ወሬ ተለቅሞ፣ በርበሬ ተነስንሶበት ወደ ውጭ መላክ አለበት። እኛማ ነገሩ የደረሰብን ሰዎች ነን፤ መድረሱ አይበቃንም?

እስቲ በቦንጋና በሚዛን መካከል ናዳ መንገድ ዘጋ እንበል። የድሮው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቢሆን የሚመለከተው ዘንድ ደውሎ፣ «መንገዱ ተዘግቷል፤ እስከ ነገ ጠዋት ይከፈታል» ብሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይገላገለው ነበር። ብክነት ማለት ይኸ ነው! ዩቲዩብ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ርዝመቱ ከስምንት ደቂቃ በላይ በሆነ ቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት ዐሥር ደቂቃ ነበር። ስለዚህ እነዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ስምንት ደቂቃ ከምናምን ሴኮንድ መድረስ አለባቸው። ዘመናዊው የሚዲያ ባለቤት ይህን ይችልበታል። ሰላምታው ብቻ ከአገር ቤት እስከ ዓረብ አገር ያለውን ወገን ሲያዳርስ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። ቀጥሎ «ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ቀይዋን ተጫኑ፣ ደወሏንም እንዳትረሱ»። ከዚያ የናዳ ምንነት፣ ከዚያ «ምንጮቻችን ሹክ እንዳሉን»፣ ከዚያ የውርርድ ማስታወቂያ። ፊት ለፊት የምትለጠፈው ሥዕልማ ራሷን የቻለች ጥበብ ናት፦ ከየት አገር እንደመጣ የማይታወቅ የሚናድ ተራራ፣ አፏን ይዛ የምታለቅስ ሴት፣ «ሰበር! ደቡብ ምዕራብ ተናወጠ!» የሚል ቢጫ ጽሑፍ፣ እና አንዲት ቀይ ቀስት። እንደዚህ ያሉ ቀስቶችን ጠጋ ብዬ ተመልክቻለሁ፤ የሚያመለክቱት ሣር ነው።

ቦንጋ ላይ አይሱዙውን ያቆመው ሾፌር ቪዲዮውን ይከፍታል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ፓኬጁ ያልቅበታል። የመንገዱን መከፈት የሚያውቀው ከወዲያ በኩል መኪና ሲመጣ ነው። ግድ የለም፣ ዕይታው ተቆጥሯል።

ጋዜጣ የሚባለው አሮጌ ነገር በምን ይተዳደር እንደነበር ለዘንድሮ ልጅ ማስረዳት ያሳፍራል። «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በምኒልክ ዘመን ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ ነበር ይባላል። ዛሬ 24 ዕይታ ያገኘ ሰው ቻናሉን ዘግቶ ሱቅ ይከፍታል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ አዲስ ዘመን ጣሊያን እንደወጣ በ1933 ዓ.ም. ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ስንቱ ተወልዶ ስንቱ ሞተ። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጋዜጣው በአውቶቡስ ተጭኖ ሚዛን ሲገባ ክፍት የሥራ ቦታው ተዘግቶ፣ ጨረታው ደግሞ ተከፍቶ ይቆየን ነበር። ያኔም ቢሆን ጋዜጣውን ያኖረው ዜናው አልነበረም፤ ጨረታው ነው። ስለ ገጠር መንገድና ስለ ጤና ጣቢያ የሚጽፈው ልጅ ደመወዙ የሚወጣው ከ«ያገለገሉ ጎማዎች ሽያጭ»፣ ከጠፋ ሊብሬና ከፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ከዚያ ድረ ገጾቹ መጡ፤ ቱመርካቶ ጨረታውን ወሰደ፣ ኢትዮጆብስ የሥራ ማስታወቂያውን ወሰደ፣ ቴሌግራም የቀረውን ጠራረገው። ሥራ ፈላጊው ተጠቅሟል፣ ይህን አልክድም፤ ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ማስታወቂያውን በወጣበት ሰዓት ያየዋል። ጎማውም ዛሬ ይሸጣል። የጠፋው የሚጽፈው ልጅ ነው።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ሲጨነቁ ማየት ያስቃል። ካናዳ «ከዜናዎቻችን የምትጠቀሙ ኩባንያዎች ለዜና ሠሪዎቹ ክፈሉ» የሚል ሕግ አወጣች፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ደግሞ ከመክፈል ይልቅ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዜናን ከካናዳውያን ፌስቡክ ላይ አነሳ። ይኼ ሁሉ ንትርክ ለምን? እኛ ሜታን አላስቸገርንም፤ ዜናውን ራሳችን አነሳንለት።

መንግሥትም ለአዲሶቹ ባለ ሚዲያዎች ክብራቸውን አልነፈጋቸውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከብሮድካስትና ከኅትመት ጎን አሰልፎ ቅጣቱን እኩል አድርጎለታል። በቅጣት እኩል የሆነ ሰው በማዕረግ ለምን ያንሳል? 5,000 ተከታይ ደግሞ ብዙ አይደለም፣ አንድ የደመቀ ሠርግ ቀርጾ መልቀቅ ይበቃል።

የየመሥሪያ ቤቱ ኮሙኒኬሽንም ወደ ኋላ አልቀረም። ደቡብ ምዕራብ ክልላችን ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የሚባሉ አራት ዋና ከተሞች ስላሉት የስብሰባ አዳራሽ አያጥረንም። የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ በተካሄደ ቁጥር የፌስቡክ ገጹ ፎቶ ያወርድልናል፦ ባነሩ፣ የክብር እንግዳው፣ ባነሩና የክብር እንግዳው፣ ማስታወሻ የሚይዝ የሚመስል ተሳታፊ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ የተደረደረ የታሸገ ውሃ። ስለ ምን ግንዛቤ እንደተጨበጠ አይጻፍም። የሻይ ዕረፍቱ ግን አለ። የአገር ውስጥ ስፖንሰር የሚባለውም በረከት ነው። ስፖንሰር ያደረገ ሆቴል ውሃ አይጠፋበትም፣ መብራት አይቋረጥበትም፣ ምግቡም ማንንም አያምም። ያላደረገው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል፤ ካሜራው ወደ ማድ ቤቱ ሊዞር ይችላል። ድሮ ማስታወቂያና ዜና በመስመር ይለያዩ ነበር፤ መስመሩ ቀለም ይፈጅ ስለነበር ቀርቷል።

እንግዲህ ወደ ቡናው እንምጣ፤ እዚህ አገር ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የገበያውን ዋጋ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ ለገበሬው የማድረስ ሐሳብ ነበረው። ምን ዓይነት የዋህነት! ቁጥር ማን ሼር ያደርጋል? በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የኒውዮርክ ገበያ የአረቢካን ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ አደረሰው፤ ከዚያ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው። ለጀንፈል ሻጭ ከዚህ የበለጠ ሰበር ዜና ከየት ይመጣል? ነገር ግን ዜናው ለቅሶ የለበትም፣ ቀስት የሚቀሰርበት ነገር የለም፣ የሚሰማውም የአገር ውስጥ ፍጆታ ዐይን ነው።

ስለዚህ ገበሬውም ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ማታ ማታ ልጁ የቲክቶክ ላይቭ ትከፍትለታለች። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው «ጌም» ይጫወታሉ፤ ሮዝ ይዘንባል፣ ከውጭ አንበሳ የላከ ሲገኝ እልልታው ይቀልጣል። በዚህ መሃል አባት ልጁን ይጠይቃል።

«አንቺ፣ እስቲ ጀንፈል ፈረሱላው ስንት እንደገባ ጠይቂልኝ።»

«አባዬ፣ እዚህ እንደሱ አይጠየቅም እኮ።»

«ሚዲያ አይደል እንዴ? ጻፊው ዝም ብለሽ።»

ትጽፈዋለች። ጥያቄው ከሮዝ ጋር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ባለ ላይቩ ያነበዋል፣ «ወንድማችን ስለ ጀንፈል ነው የሚያወራው!» ብሎ ይስቃል፣ ተመልካቹም አብሮ ይስቃል። በቁም ነገር የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ሰፈር ያለው ቡና ሰብሳቢ።

«ኢንቦክስ ና» ይለዋል።