ያልከፈለ ደንበኛ እርግማን

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ከጀበናው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ የጨዋታ ሠሪው የኮናሚ ወዳጅ አለ እንበል። «ዊኒንግ ኢለቨን» ከተባለው የኩባንያው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታ ዘመን ጀምሮ ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱም ንጹሕ ነው፣ የገንዘብ ንክኪ የለበትም። ጨዋታው ሁሌም በኮፒ ሲዲ ይደርሰው ስለነበር ኩባንያው ከእሱ አንዲት ግርሽ አላየም። ለምን ሲሉት፣ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የዘለቀውን የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ይጠቅሳል። ኮናሚ የጃፓን መሆኑን ግን አትንገሩት።

ይቅር ባይም ነበር። የክለቡን ስም የመጠቀም ፈቃድ ጠፍቶ ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ» ተብሎ ሲቀርብለት «ስም ምን ያደርጋል» ብሎ አለፈ። በ2021 ግን ኮናሚ «ፔስ» የሚለውን የጨዋታውን የኋላ ስም ጥሎ «ኢፉትቦል»ን ለቀቀ። በተጫዋቾቹ የተጣመመ ፊት ዓለም ሳቀ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የእኛን ሰው ያስቆጣው ሌላ ነው፦ ጨዋታው በነጻ መሰጠቱ። ዘመኑን ሙሉ ለብቻው ያስከበረውን መብት ለማንም አደሉት!

በ1969 የሳንቲም ሙዚቃ ማጫወቻ በማከራየትና በመጠገን የተጀመረ ድርጅት እንዲህ ይዋረድ? ወደ ተፎካካሪው ጨዋታ ወደ ፊፋ እንዳይዞር ደግሞ ችግር ነበረ፤ ፊፋ የሚገዛው በገንዘብ ነበር አሉ።