ጣሪያዎን በሰኔ ይግለጡት

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም ብለው የሚጽናኑ ካሉ አንኮበር አፋፍ ላይ ቆመው ይዩ። ከአዋሽ ሸለቆ የሚነሣው የቆላ አየር ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ይበርዳል፤ ሲበርድ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ከእግርዎ በታች ያለውን አገር ውጦ እንደ ባሕር ይንጣለላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳያንኳኳ በጓሮ በር ይገባል። ምፅዋ ላይ የቤቱን ጣሪያ የሚበላው እርጥበት ጨው አለበት፣ የእርስዎ የለበትም፤ ልዩነቱ ይኼው ነው። ወደ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሸሹም አያመልጡም። እዚያ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውርጭ ይጠብቅዎታል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ በዚህ አገር የቤትዎን ጣሪያ ለመቀየር ከቆረጡ ይህን ምክር ልብ ይበሉ። ብዙ ቤት በዚህ ምክር ተሠርቷል። ከዋናው መንገድ ላይ ሆነው ቢያዩት ሁሉም ያምራል፤ ምክሩም በአብዛኛው የሚያገለግለው ከመንገድ ላይ ለሚያይ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ይምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ጣሪያ የሚቀየረውም ያን ጊዜ ነው ይባላል። ማን ጊዜ አለው? ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ጥር ሠርግ ነው፤ የአጎቱ ልጅ ስትዳር "ቆርቆሮ ገዝቼ ነው" ብሎ እጁን ያጠረ ሰው ከዘመድ አይቆጠርም። የካቲት ላይ በልግ ይገባል፤ ባይገባም ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ ከዚያ ፋሲካ፣ ከዚያ የፋሲካ ዕዳ። ስለዚህ ጣሪያዎን በሰኔ ይግለጡት። ሰፈሩ ሁሉ ጣሪያ እንዳለው ትዝ የሚለው የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ሲሰማ ስለሆነ አናጢው ዋጋውን ይጨምራል፣ ቀጠሮም ያበዛል። ሰኔና ሰኞ ቢገጥምብዎት እንኳ አይሸበሩ። በዝናብ የተገለጠ ጣሪያ የራሱ ጥቅም አለው፤ አናጢው የቱ ጋ እንደሚያፈስ መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ራሱ ላይ ይፈስለታል።

እህሉንና አልጋውን ለመሸፈን የዕድሩን ድንኳን ይዋሱ። ድንኳኑ ደጅዎ ላይ ተተክሎ ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል። ማንም እንዳልሞተ አስረድተው የመጣውን ሁሉ ቆርቆሮ ያሸክሙት፤ ያን ያህል የሰው ኃይል በደቦም አያገኙም። ከማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን የእድሳት ፈቃድ አይርሱ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሐምሌ ይገባል፣ ሐምሌ ደግሞ ከሰኔም ይሻላል።

ቆርቆሮ ሲገዙ ጌጁን ይጠይቁ። ባለ 28 አለ፣ ባለ 30 አለ፣ ባለ 32 አለ፣ ባለ 35 አለ። 35 ከ28 እንደሚበልጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃሉ፤ ስለዚህ 35ቱን ይውሰዱ፤ የሚገርመው ዋጋውም ይቀንሳል። ነጋዴው "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዕቃ ያውቃሉ" ይልዎታል። የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ የሚነግርዎት ሰው በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ አይገኝም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውም ተረት ከሱቅ ከወጡ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። መሳሳቱንም ቢሆን በክፉ አይዩት። ለተሸካሚ አይከብድም። አናጢው የረገጠበት ቦታ ሁሉ ምልክት ስለሚተው ሥራውን በየት በኩል እንደጀመረ ዕድሜ ልክዎን ያውቃሉ። በረዶ ሲወርድበት ደግሞ ባልና ሚስት ስለማይደማመጡ በዚያ ሰዓት ጭቅጭቅ የለም።

ደግሞም በእኛ አገር ቤት የሚለካው በቆርቆሮ ብዛት ነው። "ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ሠራ" ይባላል፤ "ባለ 28 ጌጅ አለበሰው" ብሎ በሰው ቤት የቀና ጎረቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። በወፍራሙ 40 የሚገዛ ገንዘብ በስሱ ከዚያ በላይ ይገዛል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ጥቅል ብረቱ ከባሕር ማዶ በዶላር ለሚመጣ ነገር ብዛትን በስሱ መሸመት የሊቅ ሥራ ነው። ቀለም የተቀባውን ኢጋ ከቻሉ ይምረጡ። ቀዩ ከሩቅ ይታያል።

የገዙትን ቆርቆሮ ሥራው እስኪጀመር መሬት ላይ አጋድመው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ይሸፍኑት። አንኮበር ከሆኑ ውጤቱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያዩታል። ጉሙ በሁለት ቆርቆሮ መሐል ይገባል፣ ገብቶም መውጫ ያጣል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ደግሞ ራሱን የሚከላከልበትን ስስ ቅርፊት የሚያበጀው አየር ሲያገኝ ነው። አየር በሌለበት እርጥበት ብቻ ሲቀርለት ይበላል። ላስቲኩን ሲገልጡ አዲሱ ቆርቆሮዎ ላይ በየቦታው ነጭ ዱቄት ተነስንሶ ያገኛሉ፤ በጣትዎ ሲነኩት ይረግፋል፣ ሥሩ ያለው ብረትም አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ አመድማ ሆኗል። ሥጉ ሰዎች ቆርቆሯቸውን በጎኑ ዘንበል አድርገው ግድግዳ ላይ ያስደግፋሉ፣ በየመሐሉም ቀጭን እንጨት ይሰካሉ። እርስዎ ግን ቆርቆሮ ነው የገዙት፣ እንቁላል አይደለም።

እንጨቱን ከጓሮዎ ይቁረጡ። ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ሰኞ የቆረጡትን ረቡዕ ሞራሌ አድርገው ይምቱት፤ ወራት አድርቆ መጠበቅ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ሥራ አይደለም። እርጥቡ ግንድ ጣሪያው ላይ ሆኖ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ሚስማሩም ከያዘው ቦታ እየለቀቀ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። በቀጣዩ ዓመት ከደጅ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ሚስማር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። የወፍ ዋሻ ጥድ ቢያስጎመጅዎትም ደኑ ጥብቅ ነውና በዓይንዎ ብቻ ይጥገቡ። የድሮውን ወራጅና ግድግዳ ደግሞ ጨርሶ እንዳይነካኩ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የበሰበሰውን ወራጅ ያላየ ሰው የበሰበሰ ወራጅ የለውም።

የሚስማሩ ነገር ትንሽ ቆም ማለት ይፈልጋል። የቆርቆሮ ሚስማር ሲመታ ከሥሩ ክብ ጎማ ይገባለታል፤ ጎማው ከአሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ከጧት እስከ ምሳ እያንዳንዱ ሚስማር ጎማ አለው። ከምሳ በኋላ ጎማው ያልቃል፣ ሚስማሩ ግን አላለቀም። አናጢው ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ያይዎታል፤ እርስዎም ወደ ላይ ቀና ብለው ያዩታል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። "አባባ፣ ይበቃዋል" ይላል። ይበቃዋል ይበሉት። እንዲሁም ሚስማሩን ቆርቆሮው ጎድጎድ ባለበት በኩል እንዲመታ ያዘዙት እንደሆነ ሥራው ይፈጥናል፤ ጫፉ እንጨቱን ወዲያው ያገኘዋል። ከፍ ባለው ጀርባ ላይ የሚመቱት ያንሸራትታቸዋል፣ ጣታቸውንም ይመታሉ። በእርግጥ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነው፤ ግን ውሃ የት እንደሚሄድ ማሰብ የአናጢ ሥራ አይደለም። የቆርቆሮውን መደራረቢያ አፍ ወደ ምሥራቅ ያድርጉት። ጉሙና ነፋሱ ከዚያ ስለሚመጡ እንግዳ ፊት ለፊት መቀበል የሸዋ ወግ ነው።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ ጥበብ አያውቁም ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ የአንኮበር ቤት ሁሉ ሣር ለብሶ ነበር፤ በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞችን ይዞ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ያየው የንጉሡ ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ሣር ክዳን ነበር። መንዝ ደግሞ የባሰበት ነው። ጓሳ የሚባለውን የቤት መክደኛ ሣር ለመጠበቅ ሰፊ አምባ ለይቶ፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ዘርግቶ፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ማንም እንዳያጭድ፣ ከብትም እንዳይገባ ይከለክል ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አናጋው፤ በኋላ ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን ባያደራጅ ኖሮ ዛሬ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ ፈረንጅ ምን ያይ እንደነበር እንጃ። ለአንድ ጣሪያ ዓመታት መጠበቅ! ሣር ቤት ውስጥ ደግሞ እሳቱ ከመሐል ይነድዳል፤ ጭሱ ማምለጫ ስለሌለው በክዳኑ ውስጥ እየሠረገ ይወጣል፤ ሲወጣ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ትሉንም ያባርረዋል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ እሳቱም አንዳንዴ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። ክዳኑ ግን ጤዛ አያንጠባጥብም።

ቆርቆሮ ሥልጣኔ ነው፤ ምንም አያሳልፍም። ከላይ የመጣውን አያስገባም፣ ከታች የተነሣውንም አያስወጣም። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ብቻ በትንፋሹና በላቡ ከአንድ ብርጭቆ ያላነሰ ውሃ ያወጣል። ስድስት ሰው ተኝቷል እንበል። ማታ ወጥ ተሠርቷል፣ ሽሮው ተንተክትኳል፣ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰጥቷል፤ ጥጃዋም ከብርድ ይከለላት ተብሎ ጥግ ይዛለች። ይህ ሁሉ እንፋሎት ሞቅ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቆርቆሮው ሙቀቱን ሁሉ ለሰማይ ሰጥቶ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ አመዳይ፣ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካው ጉድ ይፈላል። ጠብታው በሚስማሩ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል፣ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ትራስዎ ላይ ጠብ።

ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር አልፎታል። ጣሪያው ግን ያፈሳል።

እዚህ ላይ ፍርድዎ ፈጣን ይሁን፤ አናጢውን ያስጠሩ። እሱም ወጥቶ ያያል፣ ቀዳዳ አያገኝም፣ ሆኖም ባዶ እጁን አይወርድም። በቆርቆሮው ላይ ሬንጅ ይቀባል፤ ይክፈሉት። ማግሥቱን ሲንጠባጠብ ተጨማሪ ሬንጅ ያስቀቡ። በዚህ መካከል እትዬ ጎረቤትዎ ነፋስ የሚገባው በከፈፉ ሥር ነው ይሉዎታል፤ እውነታቸውን ነው። በቆርቆሮውና በግድግዳው መሐል ያለውን ክፍተት ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ይድፈኑት፣ መስኮቱን በላስቲክ ያሽጉት፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ኮርኒስ አድርገው ይወጥሩ። ቤቱ ይሞቃል። እንፋሎቱም የሚወጣበት ይጨንቀዋል። ከሳምንት በኋላ ከረጢቱ መሐሉ ላይ ሆዱ ወርዶ ያያሉ፤ በእንጨት ወጋ አያድርጉት።

ሥጉ ሰዎች እዚህም አሉ። ከፈፉ ሥር ግራና ቀኝ ክፍተት ትተው ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይከልሉታል። በጣሪያው ጫፍ ላይም ለአየር መውጫ ያበጃሉ። ኮርኒሳቸውን ከቆርቆሮው አራርቀው ነፋስ በመሐሉ እንዲመላለስ ያደርጋሉ፤ ማብሰያውን ከመኝታው ይለያሉ። ታኅሣሥ ላይ ለነፋስ በር ከፍቶ የሚተኛ ሰው ምን ይባላል? ቤታቸው ደረቅ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ሲጠየቁ የሚያስረዱት ነገር ረጅም ስለሆነ ሰው ተሰላችቶ ይሄዳል።

የቀረው የድሮው ቆርቆሮ ነው። ቆራሌው በበሩ ሲያልፍ ይጣራል፤ አይስጡት። ማድ ቤቱን ይክደኑበት። የሚስማር ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ዳርና ዳሩ ዝጎ ተበልቷል፣ ከግድግዳው ጋርም አይገጥምም፤ የኩበቱ ጭስ በየቀዳዳው ይወጣል። በጋውን ከግቢው ሁሉ ደረቅ ሆኖ የሚያገኙት ይህንኑ ማድ ቤት ነው። መጀመሪያ አያትየዋ ቁርጥማቴ ተነሣብኝ ብለው ፍራሻቸውን ወደዚያ ያስወስዳሉ። ከዚያ ልጆቹ ተረት ልንሰማ ነው ብለው ይከተላሉ። ከዚያ ባለቤትዎ ልጆቹን ልያቸው ብላ ትሄዳለች፣ ሄዳም ትቀራለች። ጥጃዋም ትከተላለች። እርስዎ ግን የባለ 60 ቆርቆሮ ቤት አባወራ ነዎትና ቦታዎን አይልቀቁ፤ አልጋውን ከሚንጠባጠብበት ወደማይንጠባጠብበት እየጎተቱ ይደሩ። ከመንገድ የሚያይ ሰው አይጠፋምና መብራቱን እንዳያጠፉ።