ያልታወቁ ዳኞች በነገሌ ቦረና፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላልታወቁ ድምፃውያን ዕድል ይሰጣል ሲባል ብዙ ዓመት ሰምተናል። ነገሩን ከነገሌ ቦረናና ከአካባቢው የቆላ ከተሞች ሻይ ቤቶች ሆኖ ለመረመረ ሰው ግን ዕድሉ በብዛት የደረሰው ላልታወቁ ዳኞች ነው።

እንግሊዞች በ2001 እ.ኤ.አ. «ፖፕ አይዶል»ን ሲጀምሩ፣ አሜሪካኖችም በዓመቱ ኬሊ ክላርክሰንን ሲያነግሡ፣ ዋናው ፈጠራ ዘፋኙ አልነበረም፤ ዘፋኝማ ዱሮም አለ። አዲሱ ነገር ከዘፋኙ ፊት የተዘረጋው ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው በኢትዮጵያን አይዶል በኩል አገራችን ገባ፤ ባላገሩ አይዶል ተቀብሎት ዳዊት ጽጌን አስረከበን፤ ዛሬ ፋና ላምሮት ይዞታል። ዳዊት ኋላ «የኔ ዜማ» የተሰኘውን አልበም ስላወጣ፣ ዘፋኝም አልፎ አልፎ ከውድድሩ እንደሚጠቀም አጥኚው ይቀበላል።

ለናሙና የተመረጡት ሻይ ቤቶች ዲሽ ያላቸውና ባለቤታቸው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ፊቱን የማያጠቁር ናቸው። ሁለተኛው መስፈርት ናሙናውን ክፉኛ አጥብቦታል።

በእነዚህ ቤቶች የአይሱዙ ረዳት፣ ጡረታ የወጣ መምህርና ባለባጃጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይዳኛሉ። ተወዳዳሪው አፉን ሲከፍት ረዳቱ «ቅኝቱን ሳተ» ይላል። የትኛውን ቅኝት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «እሱን ለእሱ ተወው» ብሎ ይመልሳል። መምህሩ ከትዝታ ወደ ባቲ ማምለጡን ያብራራሉ። ባለባጃጁ ልጁ ሲያድግ እንደሚያውቀው ይናገራል፤ ልጁ ያደገው ጎንደር ነው። ይህ የዝምድና ስሜት ድንበርም አይገታውም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ሀጊት ያሶ በ2011 እ.ኤ.አ. የእስራኤሉን የዘፈን ውድድር «ኮኻቭ ኖላድ»ን ማሸነፏ ከተነሣ «ዱሮም የእኛ ልጅ ናት» የሚል ዳኛ አይጠፋም፤ ሻይ ቤቱ ለድሉ ያዋጣው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልተገለጸም።

ውጤት ሊነገር ሲል መብራት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሻይ ቤቱ በጨለማ ተመካክሮ አሸናፊውን ይሰይማል። በማግሥቱ የቴሌቪዥኑ ውጤት የተለየ ሆኖ ከተገኘ የተሳሳተው ቴሌቪዥኑ ነው።

የጥናቱ ቁልፍ ግኝት የተመዘገበው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ቡና የምትቆላው ልጅ እየሠራች ታንጎራጉራለች፤ ድምጿ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ተወዳዳሪ ይልቅ የጠራ ለመሆኑ አጥኚው ምስክር ነው። ዳኞቹ ግን አንድ ላይ ዞረው፣ «እስቲ ዝም በዪ እህቴ፣ ዳኞቹ ሊናገሩ ነው» አሏት። ያልታወቀ ድምፃዊ የሚፈለገው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአውቶቡሱን ዋጋ ከቡና መቁላት ደመወዝ ጋር ማስላት ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ነገሌ ግን ዳኛን እንዲሁ አምኖ የሚቀበል ከተማ እንዳልሆነ ታሪኩ ይመሰክራል። በጥር 1966 ዓ.ም. በከተማው የሰፈሩ ወታደሮች በምግባቸው መበላሸትና በውሃ ጉድጓድ ምክንያት አመፁ። ነገሩን አይተው እንዲዳኙ ከንጉሡ የተላኩት ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረገ። ዳኛ ከፍርዱ በፊት ይቅመስ የሚለው ይህ አሠራር ወደ ቴሌቪዥን ለምን እንዳልተዛወረ አይገባኝም።

በዚሁ ቆላ ጠረጴዛ የሌለው የዘፈን መድረክም አለ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ ሲወረድ ዱብሉቅ ላይ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ወጣቶች ከውሃው እስከ ገንዳው ድረስ በየደረጃው ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው፤ የማን ከብት ቀድሞ ይጠጣ የሚለው በኤስኤምኤስ አይወሰንም። ዜማው የእጁን ምት ስለሚጠብቅ፣ ምት የሳተ ሰው ባልዲው ከታች ባለው ጓደኛው ራስ ላይ ይፈስበታል። አስተያየቱም እዚያው፣ ከማስታወቂያ እረፍት በፊት ይሰጣል።

ስለዚህ ወደፊት የሚደረግ የዳኞች ምልመላ ዱብሉቅ ላይ እንዲካሄድና ዕጩ ዳኞች ከታችኛው ደረጃ እንዲቆሙ ሐሳብ ቀርቧል። ሻይ ቤቶቹ በመርህ ደረጃ ተስማምተዋል። ረዳቱ ግን እሱ ከላይ ሆኖ ቢያስተባብር እንደሚሻል ገልጿል።