ፈረሰኛ ድሮ ቀረ

ድሮ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ አንድ ፈረሰኛ ሲቀድም ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «የማን ልጅ ነው?» አበቃ። እናንተ የእኔ ቢጤዎች ታስታውሳላችሁ። አሁን ልጁ ገና ከፈረሱ ሳይወርድ «ፈረሱ ከየት ተገዛ? ኮርቻውን ማን ሠራው? ምን እያበሉት ነው?» ይባላል። ስለ ጋላቢው የሚጠይቅ የለም። እናቱ እንኳ ፎቶ የምትነሣው ከፈረሱ ጋር ነው።

ይህን በሽታ ያመጣብን ስልክ ነው። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለፈረሱ ገብስ እንደማቅረብ፣ ፎርሙላ ዋን የሚሉትን የመኪና ሽቅድምድም ከፍቶ ይጎለታል። መኪናው ይዞራል፣ ይዞራል፣ የትም አይደርስም። «አባባ፣ ዋናው ሹፌሩ አይደለም፤ ነዳፊው ነው» እያለ ኤድሪያን ኒዊ የሚባል እንግሊዛዊ ያወድስልኛል። በዊሊያምስም፣ በማክላረንም፣ በሬድ ቡልም ቤት የነደፋቸው መኪኖች ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ሹፌሩ ቢለዋወጥም ድሉ ሰውየውን ተከትሎ ይዞራል። እንግዲህ ጎራዴውን የቀጠቀጠው ነው ጀግናው ማለት ነዋ! አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ኮምፒዩተር በነገሠበት በዚህ ዘመን ሰውየው ዛሬም በእርሳስና በወረቀት ነው የሚነድፈው። ጨዋ ያሳደገው ነው።

እኔም ዝም አላልኩት። በፈረንጆቹ 2023 ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21ዱን ሲጠራርግ 19ኙን ያሸነፈው ማክስ ቬርስታፐን ነው። ያንኑ መኪና የነዳው ሰርጂዮ ፔሬዝስ? ሁለት! ነዳፊው ያው፣ መኪናው ያው፣ ሰው ግን ሰው ነው። ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ አትበሉኝ፤ ልጁ አጠገብ ስቀመጥ ዓይኔ ያርፍበታል። ቅዳሜም፣ እሑድም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል አበው። ዋናው ጋላቢው ነው! ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አባ ጠና፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያሰኛቸው ምን ሆነና? ፈረሳቸው ነዋ። የኮርቻ ሠሪያቸውን ስም የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። የእኛ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና ካገር ሳይወጣ ሲቋቋም፣ የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ሊዘክር እንጂ ኮርቻ ሊያሞግስ አልነበረም።

የድሮ ፈረስማ ፈረስ ነበር! ጌታው ከዳንግላ ገበያ ሞቅ ብሎት ሲመለስ፣ ዛቡን ለቆ ቢያንቀላፋ እንኳ ፈረሱ ራሱ መሻገሪያውን መርጦ፣ ደጃፍ አድርሶ፣ ሚስትየዋ እስክትወጣ መሬቱን በኮቴው ይደበድብ ነበር። ከእንጅባራ ዳንግላ ደርሶ መልስ ከቁርስ በፊት ያልቃል። እርካቡ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ የብረት ቀለበት ነበር፤ ባዶ እግር ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ዛሬ ልጆቹ በስኒከር ይመጡና እግራቸው አልገባ ሲል እርካቡን ይሰድባሉ።

ደግሞስ ፈረስ የት ይጋጥ? በፋግታ ለኮማ ሜዳው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሆኗል። ይተከላል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፣ ከሰል ሆኖ በመኪና ይሄዳል። ፈረስ ከሰል አይበላ! እኔም ከጓሮ ያለችውን ቁራጭ መሬት ዲከረንስ አልብሻታለሁ፤ እሷ ግን ለልጆቹ ደብተር መግዣ ናት።

ጫማውም ያው ነው። አበበ ቢቂላ በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ ዓለምን ጉድ ያሰኘው በባዶ እግሩ ነው። ያኔ ጫማ ነዳፊው የት ነበር? በእርግጥ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከሮሙ በፈጠነ ሰዓት አሸንፏል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2021 ደግሞ ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ፣ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሳንቲ ሜትር በአንድ በልጧል ተብሎ ድሉን ተነጠቀ። ሰው 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ መጥቶ ዳኛ ሶል ይለካል! ትዕግሥት አሰፋም በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ለካሜራ አሳየች። 138 ግራም ነው አሉ፤ የእኔ አንዱ እርካብ ይበልጠዋል። ልጄ፣ ያሸነፈው እግርሽ ነው!

ባለፈው ጥር ልጄ በሽምጥ ግልቢያ ወደ ኋላ መቅረቱን ሰምታችኋል። በእሱ አይፈረድም፤ ግልቢያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኮርቻው ነው። አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ቆዳው ላልቷል፣ ወደ ግራ ይንሸራተታል። በእንዲህ ያለ ኮርቻ አባ ዳኘውስ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ? የዱሮው ኮርቻ ሠሪያችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንጨቱን ራሱ ጠርቦ፣ እርጥብ ቆዳ አልብሶ፣ በጅማት ሲሰፋው ክረምት አይበግረውም ነበር። በእሱ ኮርቻ ተቀምጬ የቀደመኝ አልነበረም። ስሙ አሁን ጠፋኝ።

እናም ወገኖቼ፣ ከዳንግላ እስከ ቻግኒ ደህና ኮርቻ የሚሠራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጥር ሳይገባ ላኩልኝ። የጠየቀውን እከፍላለሁ። ልጁ ካሸነፈ ግን ሙገሳው የልጁ ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።