ፍቅር እስከ ማርስ፣ በሮቢት በኩል

እናንተ ጥላው ሥር ያላችሁ፣ ወንበራችሁን ወደዚህ አዙሩ! ይህን ሰውዬ ስሙልኝ። «ፍቅር ለብቻው፣ ሳይንስ ለብቻው፣ ተረትም ለብቻው ነው። ሦስቱ በአንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አይደባለቁም» ይላል። ይህን የሚለው ደግሞ በያይነቱ እየበላ ነው! ሽሮውን በምስር፣ ምስሩን በጎመን አገናኝቶ ይጎርሳል፤ ልብ ወለድ ሲቀርብለት ግን «ለየብቻ አድርጉልኝ» ይላል። ወንድሜ፣ ከጭንቅላትህ ይልቅ ሆድህ ጥበብ ገብቶታል።

«ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሮቦት ታሪክ የሚጻፍባት?» አለ ጨምሮ። ከሮቢት እስከ ሮቦት እኮ የአንድ ፊደል መንገድ ነው! አንድ ፊደል መሻገር ያቃተው ሰው ጠፈርን እንዴት ሊሻገር ነው? ማሾና ማሽላ ያበቀለ መሬት ማሽን አያቅተውም። ሽንኩርቱን በመስኖ፣ ማንጎውን በሙቀት፣ ወሬውን በነጻ የሚያበቅል ቆላ ነው ይሄ። እዚህ ያልበቀለው ያንተ ሐሳብ ብቻ ነው። እሱም ዘሩ ነቅዞ ነው እንጂ አፈሩ ምን በደለ?

«አማርኛ ለሳይንስ አይመችም» ብለህም አፍህን ሞልተህ ተናገርክ። በምን ቋንቋ ተናገርከው? በአማርኛ! ሶፊያ የምትባለው ሮቦት በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ተናግራለች። አእምሮዋን ካበጁት መካከል አዲስ አበባ ያለው የአይኮግ ላብስ ልጆች ይገኙበታል። ብረቷ አማርኛ ገባት፤ አንተ ሥጋ ለብሰህ ዛግህ።

«ነገሩ የፈረንጅ ነው» አልክ? ክብረ ነገሥትን ፈረንጅ ነው የጻፈው? በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግእዝ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ያኔ ይህቺ የእኛዋ ይፋት የወላስማ ሱልጣኖች ግዛት ነበረች፤ ነጋዴዋ ወደ ዘይላ ወደብ ይመላለስ ነበር፤ አውሮፕላን በማንም ሕልም አልመጣም። መጽሐፉ ውስጥ ግን ምን አለ? ፍቅር አለ፦ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ቅመም የበዛበት ግብር አብልቶ በውኃ ጥም ያጠምዳታል። ቴክኖሎጂ አለ፦ ሲሸኛት በባሕር የሚሄድ ብቻ ሳይሆን በአየር የሚሄድ መጓጓዣም ይሰጣታል። ተአምር አለ፦ የልጇ የምኒልክ ሠረገሎች ከመሬት ከፍ ብለው ይገሰግሳሉ። አንተ «አይደባለቅም» ያልከው ነገር ከ600 ዓመት በላይ ተደባልቆ ኖሯል። ሌላውን ሰው አውቶቡስ ያመልጠዋል፤ አንተን የሰሎሞን አውሮፕላን አመለጠህ።

«ፍቅርና ስሌት አይገናኙም» አልክ ደግሞ። ኧረ ባክህ! ያገርህ ሰው ልጁን ሳይድር ኮከብ ያስቆጥር የለም እንዴ? በዐውደ ነገሥቱ የስም ፊደላት ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፣ ይደመራሉ፣ በ12 ይገደፋሉ፤ ቀሪው ኮከቡን ይናገራል። ፊደል ወደ ቁጥር፣ ቁጥር ወደ ውሳኔ! ኮምፒውተርስ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው? ከዚያ «ኮከባቸው ገጥሟል» ይባልና ድንኳን ይተከላል። ፍቅሩም፣ ሒሳቡም፣ ሰማዩም በአንድ ዳስ ተሰብስበው እስክስታ ይመታሉ። «ጨረቃ ላይ ቤት አይሠራም» ማለትህንም ሰምቻለሁ። ጨረቃ ቤት ያልተሠራበት ከተማ ካወቅህ ስሙን ጥራ! ማታ ያልነበረ ቤት ጠዋት ተሠርቶ የሚገኝበት አገር ተቀምጠህ ተአምር ናፈቀኝ ትላለህ።

አሁን ደግሞ መጽሐፍ ይጠቅስብኛል። «ልብ ወለድ እውነትን መምሰል አለበት፤ ፍቅር እስከ መቃብርን እዩ!» አለ። እኛ አይተነዋል፤ አንተ ያየኸው ሽፋኑን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም ከማሳተማቸው በፊት ያወጡት መጽሐፍ ማን ይባላል? «ተረት ተረት የመሠረት»! ትልቁ የእውነታ ደራሲ በተረት አላፈሩም፤ አንተ ስለ እሳቸው ታፍራለህ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያስ? በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲታተም ምን ይዞ ወጣ? የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጃገረድ፣ ልቡ የተነካ ንጉሥና በመጨረሻ ሰርግ። ልብ ወለዳችን የተወለደው ልብስ ቀይሮ፣ ድንበር ጥሶ ነው። ሐዲስ እስከ መቃብር አደረሱን፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማርስ ያለው የእኛ ድርሻ ነው።

የአካባቢ ሰው ከፈለግህም አለልህ። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ከእኛ ሽቅብ ቢሉ አቀበቱ ላይ ነው የተወለደው። በ1962 ዓ.ም አደፍርስን ሲያወጣ የዚህን አገር ክርክር፣ ተረትና ምሳሌ፣ ግትርነትና ብልጠት ወረቀት ላይ አፈሰሰው። ያኔም «እንዲህ አይጻፍም» ያለ እንዳንተ ያለ ሰው አልጠፋም። መጽሐፉ ይነበባል። የ«አይጻፍም» ባዩን ስም የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ!

አያችሁ? እጅ የለም።

«ሳይንስ ልብ የለውም፤ ድንጋይ ነው» አልክ። ድንጋይ? ድንጋዩን ላሳይህ። ሉሲ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ስሟን ያገኘችው እዚህ ጎረቤታችን አፋር፣ ሐዳር ላይ ከተገኘችው ድንቅነሽ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም መንኮራኩሯ ስሟ ድንቅነሽ በተባለ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። አስትሮይዷ ስፋቷ 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ብቻዋን ናት ስትባል የምትዞራት ጨረቃ ተገኘች። ጨረቃዋ ደግሞ ሁለት ድንጋይ ሆና ቁጭ! ሁለቱ ተቃቅፈው፣ ሳይላቀቁ፣ አብረው ይዞራሉ። በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባሉ። ስማቸው ከእኛ፣ እቅፋቸው ከራሳቸው። ሁለት ድንጋይ በጠፈር ብርድ ተቃቅፎ ይኖራል፤ ያንተ ልብ በሮቢት ሙቀት በረዶ ሠራ!

«ሰማዩስ ይሁን፤ መሬት ላይ ምን አለ?» ብለህ ጠየቅህ። የቆምክበት መሬት ራሱ እየተፋታ ነው፣ ሰውዬ! ከበታችህ ያለው ስምጥ ሸለቆ የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት የምድር ንጣፎች የሚለያዩበት ነው። በዓመት ሚሊሜትር፣ ሚሊሜትር፤ ሽማግሌ ቢላክ የማይታረቅ ፍቺ። አንዳንዴ የምድሪቱ ትዕግሥት ያልቃል፦ በ1953 ዓ.ም በካራቆሬ አካባቢ ስትነቃነቅ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። መስከረም 1998 ዓ.ም ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ ምድሪቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት እስከ 8 ሜትር ተራራቀች፤ ይህን ለማድረግ ሳምንታት በቅተዋታል። አሁን ንገረኝ፦ ሙሽራው በወዲህኛው ንጣፍ፣ ሙሽሪት በወዲያኛው ቢሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ በየዓመቱ ቢረዝም፣ ይህ የጂኦሎጂ ትምህርት ነው የፍቅር ታሪክ? መልሱ ጠፋህ። ምክንያቱም መልሱ «ሁለቱም» ነው።

ገና መች ተጀመረና! ጣርማ በርን ውሰድ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነሥተህ ቁልቁል ስትወርድ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ በሙቀት ትቀበልሃለች። ጋቢ የለበሰች ሙሽራ በዚህ አፍ ትግባ፤ በዚያኛው አፍ ስትወጣ 40 ዓመት አልፏል። ሚዜዎቿ ሸብተዋል፤ እጮኛዋም ሸብቶ፣ ሽርጡን አሸርጦ ቆሞ ይጠብቃታል። የሸበተው ለምን ጠበቀ? ያልሸበተችው ምን ትለዋለች? ይኸው ታሪክ!

ኖራን ውሰድ። በይፋት ተዳፋት ላይ ኖራ ኖራ ዝም ያለች የሱልጣኖቹ ዘመን ከተማ ናት፤ የመስጊዷ የድንጋይ ግድግዳ እስካሁን ቆሟል። አንዲት የአርኪዮሎጂ ተማሪ ለጨዋታ ብላ በግድግዳው ስንጥቅ ወረቀት ትወሽቅ። በማግስቱ ከ600 ዓመት በፊት ከኖረ ድንጋይ ጠራቢ መልስ ታግኝ። እሱ ከተማዋ እንደምትጠፋ አያውቅም፤ እሷ ታውቃለች። ትንገረው ወይስ ትተወው? አንተ «እውነት አይመስልም» ስትል እኛ እንባችንን እየጠረግን ነው።

ሳተላይቷንስ? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ አንድ ኩንታል ማሾ ይከብዳታል። ሥራዋ መሬት ማየት ነበር፤ ሰብሉን ጭምር። እንጦጦ የተቀመጠ ባለሙያ እዚሁ የእኛው ቀወት ማሳ ላይ አንድ ፊደል ይይ። በሚቀጥለው ምስል ሌላ ፊደል። አንዷ የምስል ነጥብ ከ10 ሜትር በላይ ስለሆነች ደብዳቤውን የምትጽፈው ልጅ ፊደሏን በማሳ ልክ ነው የዘራችው። በዝናብ የሚጻፍ፣ በአጨዳ የሚሰረዝ ደብዳቤ! ይፋት ላይ ፍቅሯን ይፋ አወጣች። ጎረቤት «ልጅቷ መስመር አጣመመች» ይላል፤ ጎረቤትየውም አንተ ነህ።

«አጭር ስለሆነ ቀላል ነው» ያልከውን ደግሞ እንዳልሰማሁ አላልፍም። ያጠረው ልብ ወለዱ ሳይሆን ልብህ ነው። ረጅሙ መደበቂያ አለው፤ አጭሩ ራቁቱን ነው የሚቆመው። ሕጉን ልንገርህና ለልጆችህ አውርስ። አንድ ታሪክ፣ አንድ ተአምር። ዋሻው ዘመን ከቀየረ አህያው አይናገር፤ አህያው ከተናገረ ዋሻው ዋሻ ይሁን። ሌላው ሁሉ እንዳለ እውነት ይሁን፦ አቧራው፣ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ዋጋ ክርክር። ከዚያ ማሽኑን ከታሪኩ አውጣው። ፍቅሩ ካልፈረሰ ማሽኑ ጌጥ ነበር፤ ጣለው። ፍቅሩን አውጣው። ማሽኑ ብቻውን ከሠራ የጻፍከው የመገልገያ መመሪያ ነው፤ ለነጋዴው ስጠው። ሁለቱ አንዱ ያለአንዱ መተንፈስ ሲያቅታቸው፣ ያን ጊዜ ጽፈሃል።

ይህን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። ሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይንን ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 ታተመ። ያ በሳይንስ የተሠራ ፍጡር ፈጣሪውን የለመነው ወርቅ ነው? ሥልጣን ነው? የለመነው ሚስት ነው! የሳይንስ ልብ ወለድ አያት ገና ከመወለዱ ትዳር ፈለገ፤ አንተ የልጅ ልጁን አግብቶ እንዳይወልድ ትከለክለዋለህ።

«ማን ያየዋል?» አልክ በመጨረሻ። ዓለም አይቶታል! ክራምስ የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ቋንቋው አማርኛ፣ ርዝመቱ 68 ደቂቃ፣ ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ምድሩ ዳሎል። የዛገ የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው ፍቅሩን በልቡ ይዞ መንገድ ይወጣል። ፍቅር፣ ሳይንስ፣ ተረት፣ ሦስቱም በአንድ ጉዞ! ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው። የእኛን ሰማይ ከስፔን የመጣ ሰው ቀና ብሎ አየው፤ አንተ ከሥሩ ተወልደህ ጫማህን ታያለህ።

እናንተ ደብተር ይዛችሁ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ይህን ሰውዬ ፈቃድ አትጠይቁት። ዋሻው የእናንተ ነው፤ ፍርስራሹ የእናንተ ነው፤ እየተሰነጠቀ ያለው ምድርና ስማችሁን ተሸክሞ የሚዞረው ድንጋይ የእናንተ ነው። ካልጻፋችሁት ሌላ ሰው መጥቶ ይጽፈዋል፤ ከዚያ እኛው በትርጉም እናነበዋለን። ሦስት ገጽ ይበቃል። ዛሬ ማታ ጀምሩ።

«የጠፈር መርከብ ሮቢት ላይ አረፈ ቢባል ማን ያምናል?» አለ፣ አሁንም አልጨረሰም! ሮቢት እኮ የደሴ መንገድ ከተማ ናት፤ ያልቆመባት መኪና የለም። መርከቡ ካረፈ አቧራው ሳይረጋ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፦ «ማርስ! ማርስ! በጨረቃ ነው! አንድ ሰው ቀረኝ!» ፓፓያ ሻጯ በመስኮቱ በኩል ከአብራሪው ጋር ዋጋ ትከራከራለች። እሱ መልሱን ረስቷል፤ እሷ ዋጋውን ረስታለች። ታሪኩ ተጀመረ! ሁሉም ተሳፈረ፤ «አይቻልም» እያልክ ውጭ የቀረኸው አንተ ነህ። በል ወንድሜ፣ ከመርከቡ ኋላ ራቅ በል፤ እሳቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።