የሳፋ ሕክምና

ከረጅም ሩጫ በኋላ እግርን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር የጡንቻ ሕመምን ያስታግሳል። ቅዝቃዜው የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ሕመሙንም ያደነዝዛል። የተለመደው ልክ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታ ነው።

ለአዲስ አበባ ሯጭ መሣሪያው እቤቱ አለ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ቁርጭምጭሚትን ያክማል፤ ታፋን ግን ከሕክምናው ውጭ ያደርጋል። በርሜል ታፋንም ያስገባል፤ ችግሩ መግባቱ ላይ ሳይሆን መውጣቱ ላይ ነው። በረዶ መግዛት አያስፈልግም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ፣ በኅዳር ሌሊት ደጅ ያደረ ውሃ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ የጥርስ መንገጫገጭ ይለካል።

የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ እግሩን ያደነዘዘው የስኳር ታማሚም አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል። ጡንቻ ለማፈርጠም ብረት የሚገፋም ቢያዘወትረው ድካሙን በከፊል ውሃ ይበላዋል።

ዋናው ግብዓት ውሃ ነው፤ እሱም የሚመጣው በፈረቃ ነው። የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ከፈረቃው ቀን ጋር ካልገጠመ የሚነከረው በቤተሰቡ የሳምንት ቁጠባ ውስጥ ነው። የጎደለው በ20 ሊትር ጀሪካን ይተካል፤ ጀሪካኑን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውም ያው ያገገመው እግር ነው።