ቴስታታን በግቢ ውስጥ ስለማውረድና መልሶ ስለመግጠም የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 1/2017

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ያገለገለ አውቶሞቢል ወደ አገር ለማስገባት የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ እስከ 500 ከመቶ በመድረሱ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ጨርሶ እንዳይገባ በመወሰኑ፤ በዚህም ምክንያት የግቢያችን ዲኤክስ ኮሮላ የምትሸጥ ሳይሆን ለልጅ ልጅ የምትወረስ ንብረት በመሆኗ፤

የዲኤክሷ ባለቤት ጋሼ፣ ከኋላ የሚወጣውን ነጭ ጭስና ማኪያቶ የመሰለውን ዘይት አይተው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት መቃጠሉን በራሳቸው የደረሱበት በመሆኑ፤ ይህም ግምታቸው ትክክል ሆኖ በመገኘቱ፤ የመከራው ሁሉ መነሻም አንድ ጊዜ ትክክል መሆናቸው በመሆኑ፤

በጋራዥ የተጠራው ዋጋ ጋሼን ካስቆጣ በኋላ፣ አንድ ሕንዳዊ መካኒክ ቴስታታ አውርዶ ሲገጥም በዩቲዩብ በ18 ደቂቃ መጨረሱን ተመልክተው «ይቺ ናት እንዴ?» በማለት እጅጌያቸውን በመሰብሰባቸው፤ ቪዲዮው እየተቆረጠ የተቀጠለ መሆኑን ለማስረዳት የተላኩት ሽማግሌዎችም ቁልፍ እያቀበሉ በመቅረታቸው፤

ሥራውን መከልከል እንደማይቻል ስለታወቀ በሥርዓት እንዲመራ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የግቢው ጠቅላላ ጉባኤ በእትዬ ሰብሳቢነት ቡና ላይ ተቀምጦ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ነገ» ማለት ከፋሲካ በፊት ያለ ማንኛውም ቀን ነው። «ትንሽ ቀርቶታል» ማለት አልተጀመረም ማለት ነው። «ትርፍ ቡሎን» ማለት ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መሬት ላይ የሚገኝ፣ ጃፓኖች ሥራ ፈትተው የጨመሩት ነው ተብሎ የሚታመን ብረት ነው። «ጋራዥ» የሚለው ቃል በጋሼ ፊት ስለማይነሳ ትርጓሜ አልተሰጠውም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ወጥ ቤት ዕቃ

ቡሃቃ፣ ሰፌድና የጠላ ማሰሮ ከተሽከርካሪ አገልግሎት ነጻ ናቸው። ቡሎን ሰፌድ ላይ ማስጣት ክልክል ነው። የተቃጠለ ዘይት የተቀበለ ሳፋ በአጃክስ ቢፈተግ እንኳ ወደ ሊጥ አይመለስም፤ በጋሼ ስም ይመዝገብ። ቡና እየተፈላ በአጠገቡ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ አይፈቀድም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከሰሉን ይፈልገዋል፤ «እሳቱ እኮ ሩቅ ነው» የሚል መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ባትሪ ያዥ መብት

ከመሸ በኋላ ባትሪ እንዲይዝ የሚመደበው የቤቱ ታናሽ ልጅ፣ የጋሼ ዓይን ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ የማወቅ ግዴታ የለበትም። «ወዲህ!» ሲባል የትኛው ወዲህ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። በብርሃኑና በቡሎኑ መካከል የጋሼ ጭንቅላት ከገባ ጥፋተኛው ጭንቅላቱ ነው። ሞተር ላይ የወደቀ ዳዶ መሬት ሳይደርስ መሰወሩ ከአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ልጁ በዚህ አይሰደብም፤ ከተሰደበም እናቱ አትጨመርበትም። የቤት ሥራ ካለበት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይለቀቃል። ሞተሩ የሚነሳበት ቀን ከደረሰ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የማዞር ቅድሚያ የእሱ ነው፤ ይህ መብት ለአጎት አይተላለፍም።

አንቀጽ 4፤ መኪና ሥር ስለመግባት

በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ማንም አይገባም። እዚህ ላይ ጉባኤው አይቀልድም። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለማደር አልተሠራም፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የብረት ማቆሚያ እስኪገዛ ድረስ የጭስ ማውጫው ቡሎን ባለበት ይቆያል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቅደም ተከተል

የቴስታታ ቡሎን ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል፣ ሲጠብቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ ይሆናል። «ክንዴ ያውቀዋል» የሚለው መለኪያ ከዚህ በፊት አንድ ቡሎን ከአንገቱ ስለቀነጠሰ ተሽሯል። 0.1 ሚሊሜትር የተጣመመ ቴስታታ አዲስ ጋስኬት ለማቃጠል ይበቃዋልና፣ በዓይን ታይቶ «ቀጥ ብሏል» አይባልም፤ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ያገለገለ ጋስኬት በሲሊኮን ለጥፎ መመለስ ያስቀጣል።

የካንዴላ ገመዶች በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ይገጠማሉ። የሁለት ገመድ ቦታ ተቀያይሮ ማርሚታዋ በተኮሰችበት ምሽት የሰፈሩ ጥበቃ ፊሽካ እየነፋ መምጣቱን፣ ጋሼም «ልትነሳ ስትል ነው» ብለው ማስረዳታቸውን ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይዟል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ራዲያተር

ጋስኬቱ የተቃጠለው እርጅና ይዞት ሳይሆን ሞተሩ ስለፈላ ነው፤ ሞተሩ የፈላውም የራዲያተሩ ክዳን ስለደከመ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ 80ዎቹ ውስጥ ነው። በመካከላቸው ያለችውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ክዳኑን ሳይቀይሩ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ እንጦጦን መውጣት፣ ሌላ ጋስኬት ለመግዛት ቀጠሮ እንደመያዝ ተቆጥሮ ያስቀጣል። የጋለ ራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዞም ቢሆን አይከፈትም። ቴርሞስታት አውጥቶ ለልጅ መጫወቻ መስጠትም ጥገና አይባልም።

አንቀጽ 7፤ ስለ አላፊ አግዳሚ

በአጥር በኩል «ካርቡራተር ነው» ያለ ሁሉ ገብቶ ለሥራው ይታጠቃል።

አንቀጽ 8፤ ስለ ማዳበሪያ ከረጢት

የተፈታው የሞተር ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ መኪናዋም በገመድ ተጎትታ ወደዚያ ስሙ ወደማይጠራው ቦታ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ፣ ጋሼ አብረው እንዲሄዱ አይገደዱም። መካኒኩ ከረጢቱን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ማነው የፈታው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ማንኛውም የግቢው ነዋሪ «እንዲሁ ነው የገዛናት» ብሎ የመመለስ ግዴታ አለበት። ባትሪ ያዡ ለምስክርነት አይቀርብም። የሚጠየቀው ዋጋ ቀድሞ ከተጠራው ሁለት እጥፍ ቢሆን እትዬ ይከፍላሉ፤ ለጋሼ ግን ግማሹ ይነገራቸዋል።

አንቀጽ 9፤ ስለ ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ፣ መኪናዋ እስክትነሳ ድረስ የእድሩን ድንኳንና ብረት ድስት በትከሻው ያመላልሳል፤ ለሠርግም በአንበሳ አውቶቡስ በሙሉ ልብሱ ይሄዳል።

አዋጁ ከሦስተኛው ቡና በኋላ የጸና ሆኗል። ወደ መርካቶ የምትወርዱ ጎረቤቶች፣ በሶማሌ ተራ ስታልፉ የዲኤክስ ጋስኬትና የራዲያተር ክዳን ዋጋ ጠይቁልን፤ መልሱን ለእትዬ ብቻ ንገሩ።